ኡድናዳታ ትራክ ላይ መኪና ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባለፈው ሐምሌ ኡድናዳታ ትራክን ለሁለተኛ ጊዜ ነድቼ ተመለስኩ። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ የሚያልፍ፣ ከማሪ እስከ ማርላ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የፒስታ መንገድ ነው። ነዳጅ የሚገኘው ማሪ፣ ዊልያም ክሪክ፣ ኡድናዳታና ማርላ ላይ ነው። በየመሃሉ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶ ምድር አለ።

ከተመለስኩ ወዲህ ሜልቦርን ያሉ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መኪናው እዚያ መሃል ቢበላሽ ምን ይውጣችሁ ነበር?» ይሉኛል። መጠየቃቸው ልክ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት፣ መኪና እዚያ መንገድ ላይ ድንገት እንደማይበላሽ ነው። መሬቱ ይቀየራል። ሾፌሩ በነበረበት ፍጥነትና በነበረው የጎማ ንፋስ ይቀጥላል። ከዚያ መኪናው መናገር ይጀምራል። በጊዜ ከሰማችሁት አብዛኛው ነገር በሩብ ሰዓት የሚስተካከል ነው።

ማሪን ስትለቁ መሬቱ ጠፍጣፋና አቧራማ ነው። ቆየት ብሎ ዝገት የመሰለ ድንጋይ ሜዳውን ያለብሰዋል። ከካቲ ታንዳ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ስትደርሱ ነጭ ጨው ይታያል። ከዚያ ምንጭና ሸምበቆ ይመጣል፣ ከዚያ ቀይ አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ። ማርላ አካባቢ ደግሞ ቁጥቋጦ የበዛበት ቀይ አፈር ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት መሬት ትረግጣላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ከመኪናው ድምፅ ጋር የመሬቱንም ቀለም አስቡት።

መኪናው እንደ ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ

የመጀመሪያው ቅሬታ ሁሌም ይሄ ነው። መሪው እጅ ላይ ይርገፈገፋል፣ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ ከኋላ ያለው ዕቃ ይፋጫል። ሰው ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ምክንያቱ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ መሸብሸቡ ነው። ደረቅና ልቅ አፈር ላይ ጎማ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ትንሽ ይነጥራል። ሲያርፍ አፈሩን ገፍቶ ጉብታ ይሠራል። የሚቀጥለው መኪና እዚያው ጉብታ ላይ ነጥሮ ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ የፊዚክስ ጥናት፣ ይሄ ሽብሽብ ያለ ምንም ባሌስትራ፣ በተራ ጎማ ብቻ እንኳን እንደሚፈጠር አሳይቷል። ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ነው።

«በ90 ከሄድክ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ ይለሰልስልሃል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ይለሰልሳል። የሚለሰልሰው ግን ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይነካ ነው። መሬት የማይነካ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ኩርባ ላይ ወይ ላም ፊት ለፊት ስትመጣ ዋጋውን ትከፍላላችሁ። እኔ ይሄንን ምክር አልቀበልም።

መፍትሄው ንፋስ ቀንሶ ቀስ ማለት ነው። የእኛ የተጫነ ፎር ዊል አስፋልት ላይ 38 ፒኤስአይ ነበር የሚሄደው። ማሪ ላይ ወደ 28 አወረድነው፣ ፍጥነቱንም ከ80 በታች አደረግን። ንቅጥቅጡ ጨርሶ አልጠፋም። ግን መነጋገር ቻልን። የእናንተ መኪና ቁጥር በክብደቱና በጎማው ዓይነት ይለያያል፣ 28ን እንደ ሕግ አትያዙት።

ንቅጥቅጡ ብዙ ሰዓት ከቆየ ሌሎች ነገሮችን ይወልዳል። አንደኛው የሞርዛቶሪ መጋል ነው። ምልክቱ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስቴ መወዛወዙ ነው። ሞርዛቶሪ ውስጥ ያለው ዘይት ሲግል ይቀጥናል፣ ንዝረቱንም መያዝ ያቅተዋል። በእጃችሁ አትንኩት፣ ያቃጥላል። ውሃም አታፍስሱበት። ግማሽ ሰዓት አቁሙና ይብረድ። እኛ ቡና ያፈላነው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሞርዛቶሪው በርዶ ነበር።

ሁለተኛው የቡሎን መላላት ነው። ኩርዲሙርካ የሚባል የድሮ ባቡር ጣቢያ አለ። እዚያ ቆመን ዕቃ ስንፈትሽ የፖርቶመጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) አንድ ቡሎን በሁለት ጣት ይዞራል። ሁለት ስኮርታ ጎማና ድንኳን የተሸከመው እሱ ነው። ጠዋት ከማሪ ስንነሳ በቁልፍ ጥብቅ አድርጌው ነበር። ጭረቱ እንኳን ገና አዲስ ነው። ከዚያ ወዲህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ እንቆም ነበር። የፖርቶመጋላውን፣ የባትሪውን ማሰሪያ፣ የጎማውን ዳዶ እንነካካለን። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መኪናው እየሄደ ሳለ ድንገት ሁሉም መብራት ጠፍቶ ቀጥ ካለ አትደንግጡ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የባትሪው ራስ ነው። ኮፈኖውን ከፍታችሁ ገመዱን ወዝወዝ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አጥብቁት። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ቁልፍ ከሌላው ዕቃ ስር ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ጎማ ሲቀደድ ወይም አለቅጥ ሲግል

ዝገት የመሰለው የድንጋይ ሜዳ «ጊበር» ይባላል። ነፋስ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ብቻ አስቀርቶታል። ከሩቅ ሲታይ የተወለወለ ይመስላል። ፀሐይ ስትገባበት ጥቁር ቀይ ሆኖ ያበራል፣ ውብ ነው። ጠርዙ ግን ስለት ነው።

ጎማ እዚያ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። መሬት የሚነካው ፊቱ ከተበሳ ችግሩ ቀላል ነው። በሙጫ የተነከረ የጎማ ገመድ ቀዳዳው ውስጥ ወትፋችሁ፣ ንፋስ ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ። ጎኑ ከተቀደደ ግን ገመድ አይይዘውም። የጎን ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሲዞር ይታጠፋል፣ ጥጋኑን ይተፋዋል። ስኮርታውን ቀይሩ። ለዚህ ነው ሁለት ስኮርታ ያዙ የሚባለው። አንዱ ከተቀየረ በኋላ የሚቀጥለው ጎሚስታ 150 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

ክሪክ ስታቆሙ መሬቱን እዩ። አቧራ ላይ ክሪኩ ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይነሳም። ከስሩ ጣውላ አድርጉ። በተቃራኒው ባለው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ደግፉ። የቀየራችሁትን ጎማ ዳዶ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ። ይሄንን ሰው ይረሳዋል።

የመጋሉ ነገር ደግሞ በመለኪያ ይታወቃል። ጎማ ሲሄድ ስለሚሞቅ ንፋሱ ይጨምራል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ሾፌሮች የሚጠቀሙበት ልማድ አለ። ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ከለካችሁት ከ4 ፒኤስአይ በላይ ከጨመረ ጎማው ከልክ በላይ እየታጠፈ ነው። ወይ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይ ፍጥነታችሁ አልፏል።

እኛ ማሪ ላይ አራቱንም 28 አድርገን ተነሳን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንለካ ሦስቱ 31 ላይ ናቸው። ጥሩ። የኋላ ቀኙ ግን 35 አሳየ። መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል ብለን ደገምነው። 35። ጎማው ላይ እጃችንን ጠጋ ስናደርግ ሙቀቱ ከሌሎቹ ይለያል። ከዚያ ኋላውን ከፈትነው። አራቱንም የውሃ ጀሪካን በቀኝ በኩል ደርድረናቸዋል። 80 ሊትር ውሃ ማለት 80 ኪሎ ነው። ሁለቱን ወደ ግራ አዞርን። ጎማዎቹ እስኪበርዱ ጠብቀን ኋላ ያሉትን ሁለቱን 31 አደረግናቸው። በሚቀጥለው ቆይታ አራቱም በሦስት ብቻ ጨምረው አገኘናቸው። ያ ጎማ እንደዚያው ቢቀጥል ከሰዓት በኋላ ጊበሩ ላይ ይፈነዳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጉልበት ሲያንሰው፣ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ፣ አቧራ ውስጥ ሲገባ

«በልደስት» የሚሉት አቧራ አለ። እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ ነው። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሞልቶ ይተኛል፣ ከላይ ሲታይ ለስላሳ ሜዳ ይመስላል። ጎማው ገብቶ ጉድጓዱን ሲያገኘው ነው የምታውቁት። መንገዱ ድንገት ለስልሶ ቀለሙ ፈዘዝ ካለ ፍጥነት ቀንሱ።

ናፍጣ መኪና ሽቅብ ሲወጣ ከደከመና ጭሱ ከጠቆረ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። አቧራ ደፍኖታል። አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። የንፋስ መሙያ ካላችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉበት። ከውጭ ወደ ውስጥ ከሆነ አቧራውን ይበልጥ ትወትፉታላችሁ። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም። ትርፍ አንድ ያዙ፣ ርካሽ ነው።

አቧራው መኪናው ውስጥ ከገባና እንጀራው ሳይቀር ከቀላ ደግሞ ምክንያቱ የኋላው በር ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ይስባል፣ በተከፈተው ስንጥቅ ሁሉ አቧራ ይገባል። መስኮቶቹን ዝጉ። የአየር ማስገቢያውን ከውጭ እንዲስብ አድርጋችሁ ማራገቢያውን ከፍ አድርጉ። ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲበልጥ አቧራው መግቢያ ያጣል። ፊታችሁ መኪና ሲኖር ብቻ ለጊዜው ማስገቢያውን ዝጉት። ከዚያ ይልቅ ግን ራቅ በሉ፣ አቧራው እስኪረጋ ቆሙ። አቧራ ውስጥ ገብቶ መቅደም በጭፍን መንዳት ነው።

የሙቀት መለኪያው ሲወጣ

መጀመሪያ ኤሲውን አጥፉ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ያማል፣ ግን ይሠራል። አሁንም ከወጣ አቁሙና የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩት። ኮፈኖውን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን አትንኩ፣ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሲበርድ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ወደ ራዲያተሩ ፊት እዩ። ወደ ጎን በሚታጠፉ ሣር ባለባቸው ጠባብ መንገዶች ከሄዳችሁ የሣር ዘርና ነፍሳት ደፍነውት ይሆናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየገፋችሁ በውሃ ወይ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። በዚያው መኪናው ስር ጎንበስ ብላችሁ ማርሚታው አካባቢ ደረቅ ሣር እንዳልተጠቀለለ እዩ። የጭስ ሽታ ከመጣ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ቅጽበት አቁሙ። መኪና በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል።

ውሃው ከጎደለና የያዛችሁት ለመጠጥ ብቻ ከሆነ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ዕድል አላችሁ። ትራኩ ራሱ የተሠራው ምንጭ ተከትሎ ነው። ከስር ግሬት አርቴዢያን ቤዚን የሚባል፣ የአውስትራሊያን አንድ አምስተኛ ያህል የሚሸፍን የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ውሃው ግፊት ስላለው በስንጥቅ ወጥቶ ኮረብታ የመሰለ ምንጭ ይሠራል። የአካባቢው ባለቤቶች፣ የአራባና ሕዝብ፣ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት በእነዚህ ምንጮች ነው። በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ መስመር ያለፈው በዚሁ ነው። በ1891 ኡድናዳታ የደረሰው ባቡርም እንፋሎት ስለሚፈልግ እነሱኑ ተከትሏል። ባቡሩ በ1980 ቆመ፣ ምንጮቹ ግን አሁንም ይፈልቃሉ። ውሃው ማዕድን ስለበዛበት ራዲያተር ይጎዳል። ጨርሶ ሌላ ከሌለ ግን ሞተር ከሚነድ እሱ ይሻላል። ከተማ ስትደርሱ አጥባችሁ ቀይሩት። «በብለር» የሚባለው ምንጭ ያለበት ቦታ ጥብቅ ስለሆነ እዚያ ጀሪካን ይዛችሁ አትግቡ።

ጎማው ሲሰምጥ

ይሄኛው ላይ ረዘም እላለሁ። የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጎማው ሲሽከረከር የሾፌሩ እግር በራሱ ነዳጁን ይጫናል። ያ ነው የሚቀብረው። እግራችሁን አንሱ። ውረዱ። እዩ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ንፋስ መብዛቱ ነው። በ28 የምትሄዱበት ጎማ አሸዋ ላይ እንደ ተረከዝ ይወጋል። ወደ 18 ስታወርዱት ይረዝማል፣ ክብደቱ ይበተናል። ካልበቃ 15። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጥረጉ፣ ሆዱ መሬት ነክቶ እንደሆነ ከስሩም አውጡ። ከዚያ በራሳችሁ ዱካ ወደ ኋላ ለመውጣት ሞክሩ። ዱካው ቀድሞ ተጠቅጥቋል። ወደ ፊት ያለው አይታወቅም። መውጫ ሰሌዳ ካላችሁ ከጎማው ስር ሽጉጡ፣ በዚያ አቅጣጫም ሰው አይቁም። ስትወጡ በዚያ ንፋስ ከ30 በላይ አትሂዱ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል።

በታኅሣሥ 1998 ሁለት የኦስትሪያ ጎብኚዎች ከዊልያም ክሪክ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካቲ ታንዳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ሃሊጋን ቤይ ሄደው መኪናቸው አሸዋ ውስጥ ተያዘ። ቦታው ላይ የውሃ ታንከር ነበር። ጠበቁ፣ ማንም አልመጣም። ከዚያ በእግር ወደ ዊልያም ክሪክ ተነሱ። ወንዱ ስለደከመው ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ተረፈ። ሴቲቱ ቀጠለች። በዚያ ሙቀት መንገድ ላይ ሞታ ተገኘች። በኋላ ፖሊስ የጎማውን ንፋስ አውርዶ፣ አሸዋውን ጠርጎ መኪናውን ከያዘው ቦታ ነድቶ አወጣው።

ይሄንን ታሪክ ያነበብኩት ከመጀመሪያው ጉዞዬ በፊት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ንፋስ መለኪያውን የምይዘው ኪሴ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ካልወጣ፣ ካልወጣ፣ ካልወጣ፦ ከመኪናው አትራቁ። ከአየር የሚታየው መኪና ነው፣ ሰው አይታይም። ጥላ አለው፣ ውሃችሁ እዚያ ነው። በ1963 መጨረሻ ከዚህ በምሥራቅ ባለው በርድስቪል ትራክ ላይ ነዳጅ ያለቀባቸው የአንድ ቤተሰብ አምስት ሰዎች መኪናውን ትተው ውሃ ፍለጋ ሄደው አልቀዋል።

የሐይቁን ጨው በተመለከተ፦ ካቲ ታንዳ ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ነው። የአፋርን ዝቅታ ለሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስልም፣ የጨው ቅርፊቱ ግን እዚያም እዚህም አንድ ጠባይ ነው ያለው። ከላይ ሲሚንቶ፣ ከስር ጭቃ። በሐምሌ 1964 እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በመኪና በሰዓት 648 ኪሎ ሜትር የሮጠው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ያንን ሰምቶ የሚደፍር አለ። ዛሬ ሐይቁ ላይ መኪና መንዳት ክልክል ነው፣ ቅርፊቱም የት ቦታ እንደሚሰበር ከላይ አይታይም። በእግርም መግባት አሁን ተከልክሏል፣ ዳር ላይ አቁማችሁ ከዚያው እዩት።

መንገዱ ሲያዳልጥ

ዝናብ እዚያ ብዙ ጊዜ አይጥልም። ሲጥል ግን አፈሩ ከዋልካ አይተናነስም። መሪውን ታዞራላችሁ፣ መኪናው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ጭቃው ፓራፋንጎው ስር ተጠቅጥቆ ጎማውን ያንቀዋል።

እዚህ የሚጠገን ነገር የለም። መቆም ነው። ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ውጡ፣ ድንኳን ትከሉ። አንድም ሁለትም ቀን ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ የሚሆን ምግብ አስቀድሞ መያዝ አለበት። መንግሥት መንገዱን ሲዘጋ በየመግቢያው ያለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የተዘጋ መንገድ ላይ መንዳት ከባድ ቅጣት አለው። ቅጣቱም ተገቢ ነው፣ አንድ መኪና የቆፈረው ቦይ ደርቆ ወራት ይቆያል። ከመነሳታችሁ በፊት የደቡብ አውስትራሊያን የበረሃ መንገዶች ሪፖርት እዩ።

አልጀበኪና ላይ በ1892 የተከፈተ የባቡር ድልድይ አለ፣ 587 ሜትር ይረዝማል። ደረቅ ወንዝ ላይ ይሄን ያህል ድልድይ ለምን እንደተሠራ የሚገባችሁ ውሃው ሲመጣ ነው። እናንተ የምትሻገሩት ከአጠገቡ ባለው መንገድ ነው። ውሃ ካለና ጥልቀቱን በእግራችሁ ገብታችሁ ማወቅ ካልደፈራችሁ መኪናውም አይግባ።

መስታወቱ ሲሰነጠቅ

ከፊት የሚመጣ መኪና የሚያስፈናጥረው ጠጠር ነው። ግራ ዳር ይዛችሁ ቀንሱ፣ ካስፈለገ ቁሙ። መንገዱ እዚህ በግራ እንደሆነ ባዶ ሜዳ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲነዳ ይረሳል፣ አዲስ አበባ ላይ መንዳት የለመደ ሰው ይጠንቀቅ። ከብት የሚጭነው ባለብዙ ተሳቢ መኪና ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ ከመንገዱ ወጥታችሁ ጠብቁት።

ነዳጁ ካሰባችሁት ቀድሞ ሲወርድ

ንፋስ የቀነሰ ጎማ፣ አሸዋና ፖርቶመጋላ ላይ ያለ ጭነት ተደምረው ይበላሉ። በአስፋልት ስሌት አትሂዱ። ማደያው በተገኘበት ሁሉ ሙሉ፣ 20 ሊትር ትርፍም ያዙ። ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ ደውሉ።

ስልኩ ዝም ሲል

በአብዛኛው መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም፣ የስልክ ካርታችሁን አስቀድማችሁ አውርዱ። የዩኤችኤፍ ሬዲዮ ይኑራችሁ። መንገደኛ የሚነጋገረው በቻናል 40 ነው፣ ቻናል 5 ለአደጋ ጊዜ የተለየ ነው። ሬዲዮው ግን ሩቅ አይደርስም። ሕይወት የሚያድነው በሳተላይት ምልክት የሚልከው ትንሹ የአደጋ መጥሪያ ነው። ስትገዙት በስማችሁ አስመዝግቡት፣ ያልተመዘገበ ከሆነ ፈላጊዎቹ ማን እንደጠራቸው አያውቁም። የጉዞ ዕቅዳችሁን ለአንድ ሰው ንገሩ፣ «እስከዚህ ቀን ካልደወልኩ ለፖሊስ ደውል» በሉት።

ሾፌሩ ሲበላሽ

ራስ ምታት፣ ንጭንጭ፣ የጠቆረ ሽንት። ምክንያቱ ውሃ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላባችሁ ሳይታይ ይተናል፣ ላብ ያልወጣችሁ ይመስላችኋል። በክረምት ወራት እንኳን ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ፣ ለድንገቱ ደግሞ እጥፉን። ኡድናዳታ ላይ ጥር 2 ቀን 1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 50.7 ዲግሪ ተለክቷል። በበጋ አትሂዱ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ቀኑ ቀለል ይላል፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ልብስ ይፈልጋል።

የፍልሰታ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ መሪውን ውሃ ለሚጠጣው ስጡት። የሚጾመው ጎኑ ተቀምጦ መንገዱን ይይ።

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ደግሞ አትንዱ። ብርሃኑ ገና ያለ ይመስላል፣ ግን ካንጋሮው የሚወጣው ያኔ ነው። ዊልያም ክሪክ አካባቢ ያለው አና ክሪክ በዓለም ትልቁ የከብት እርባታ ነው የሚባለው። ከብቱ በአብዛኛው አጥር የለውም፣ ማታ ማታ መንገዱ ላይ ይተኛል። ጥቁር ላም በጨለማ የምትታየው ዓይኗ ሲያበራ ነው፣ ያኔ ደግሞ ቀርባችኋል።

አስፋልት ላይ ወጥቶ መሪው ሲንቀጠቀጥ

ማርላ ደርሳችሁ ስቱዋርት ሀይዌይ ላይ ትወጣላችሁ። ገላገለን ትላላችሁ። ወደ 90 ስትጠጉ መሪው መርገፍገፍ ይጀምራል።

መጀመሪያ ንፋሱን ሞልታችኋል? በ28 በ110 ከሄዳችሁ ጎማው ይግላል። ማርላ ላይ ጎማው በርዶ ወደ መጀመሪያው ቁጥር መልሱት።

ከሞላችሁም በኋላ ከቀጠለ ጎንበስ ብላችሁ የቸርኬውን የውስጥ ጎን በእጃችሁ ዳብሱ። የእኛ የፊት ግራ ቸርኬ ውስጥ የቡጢ ያህል ቀይ ጭቃ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት የተሻገርነው እርጥብ ቦታ ነው። በካቻቢቴ ነቅለን ጣልነው፣ ሌሎቹንም ሦስቱን አየን። ዳዶውን አንዴ አጠበቅነው። ከዚያ በ110 ሄድን፣ መሪው ዝም አለ።